የነጩ ገደል ቃርሚያ

መምህር ኦንድሬይ መረቡን ቤት ጥሎ ወደ ነጩ ገደል ሲወጣ፣ ሚስቱ ዙዛና ደጃፍ ላይ ቆማ ከዓይኗ እስኪሰወር ተመለከተችው። ከተጋቡ ጀምሮ ያለዚያ መረብ ወደ ተራራው ሲሄድ አይታው አታውቅም። «ዛሬስ በባርኔጣህ ልትይዝ ነው?» ብላ ልትቀልድበት አፏን ከፍታ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው።

የሄደው ሊይዝ አልነበረም። አለች ወይስ የለችም የሚለውን ሊያይ ነበር።

ነጩ ገደል ከመንደሩ በላይ፣ ከጥድ ጫካው ወዲያ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት የሚመታው የኖራ ድንጋይ ነው። እዚያ ገደል ላይ አንዲት ቢራቢሮ ትኖራለች። ክንፏ ነጭ ነው፤ በነጩ ላይ ግን አንድ ሰው ዐመድ ቆንጥሮ የነሰነሰባት ትመስላለች። በኋለኛው ክንፏ ላይ እንደ ደም ጠብታ ያለ ቀይ ነጥብ አላት። ዘመዶቿ በሌሎች ተራሮችም ይበራሉ፤ እንዲህ ዐመድ ለብሳ የምትገኘው ግን እዚህ ገደል ላይ ብቻ ነው። ይህን መጀመሪያ ያስተዋለው ኦንድሬይ ነበር። ለዓለም ያሳወቀውም እሱ ነው። አሁን እንቅልፍ የነሳውም ይኸው ነገር ነው።

በመንደሩ ኦንድሬይ ማለት በሳምንቱ ቀናት ልጆች የሚያስተምር፣ እሑድ እሑድ በወንጌላውያኑ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የሚመታ ሰው ነው። ሹመት የለው፣ መሬት የለው። ቢሆንም ባቡሩ የቫህን ወንዝ ተከትሎ እስከ ከተማው ከገባ ወዲህ ከቪየና፣ ከድሬስደን፣ ከሩቁ ካዛን ሳይቀር በስሙ ሳጥን ይመጣለታል። ነፍሳት የሚሰበስቡ ሰዎች የራሳቸው ሕግ አላቸው። መሸጥ ያሳፍራቸዋል። አንተ ያለህን ትልካለህ፣ ያኛው ያለውን ይልክልሃል፤ በመካከል ያለው መተማመን ብቻ ነው። የምትልከው ግን ንጹሕ መሆን አለበት። ክንፏ ያልተነካ፣ ብናኟ ያልረገፈ፣ ከግንባሯ ላይ እንደ ክር የሚወጡት ሁለት ቀንዶች ያልተሰበሩ። የተበጣጠሰች ቢራቢሮ በሳጥን ውስጥ ሰክተህ ከላክህ፣ ለእንግዳ የሻገተ እንጀራ እንዳቀረበ ሰው ትቆጠራለህ፤ ሁለተኛ ማንም አይጽፍልህም። ሴቲቱ ደግሞ ቶሎ ስለማትገኝ ከወንዱ ትበልጣለች፤ አንዲት ሴት በሁለት ወንድ ትለወጣለች።

ኦንድሬይ የሚሰጠው ያቺን ዐመዳም ቢራቢሮ ብቻ ነበር። እሷም በቃችው። በእሷ የብራዚልን ሰማያዊ ቢራቢሮ አገኘባት፣ የጃቫን አረንጓዴ ጥንዚዛ አገኘባት፣ የካውካሰስን ተራራ ነፍሳት መሳቢያ ሙሉ አገኘባት። ከሸለቆው ርቆ ሄዶ የማያውቅ ሰው ዓለምን በአንድ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገብቶ፣ የክረምት ምሽቶችን መሳቢያ እየሳበ በእግዚአብሔር ሥራ ሲደነቅ ይኖር ነበር። ስግብግብ ሰው አልነበረም። በዚህ ማንም አያማውም። ማሳህን ስታጭድ ዳር ዳሩን ለድኻና ለመጻተኛ ተው የሚለውን ትእዛዝ በልቡ ይዞ፣ ለገደሉም ሕግ አወጣለት። ንጹሕ ንጹሖቹን ይወስዳል፤ ክንፋቸው የተበጣጠሰውን አይነካም። «ያረጁት እናቶች ናቸው» ይል ነበር ለዙዛና። «ወልደው የጨረሱ፣ ሥራቸውን የፈጸሙ። እነሱ የእግዚአብሔር ቃርሚያ ናቸው።»

በዚህ ሕግ ዓመታት አለፉ። ቢራቢሮዎቹ ግን ከበጋ በጋ እየሳሱ ሄዱ። መጀመሪያ ዝናቡን አማረረ። ቀጥሎ የበግ ጠባቂዎቹን። ባለፈው በጋ ለልውውጥ የሚሆን አንዲት ሴት አጥቶ፣ ለካዛኑ ሰው የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈ። ዘንድሮ ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ በየቀኑ ቢወጣም፣ የሚያየው ሁለት ብጥስጣሽ ብቻ ሆነ።

ዛሬ ያለ መረቡ ከድንጋዩ ሥር ተቀመጠና ሁለቱን ቀኑን ሙሉ ተመለከታቸው። መረብ የያዘ ሰው እንዲህ አያይም፤ ዓይኑ ንጹሑን ፍለጋ ያልፋቸዋል። ብጥስጣሾቹ አበባ ላይ ለረጅም ጊዜ አያርፉም። ከገደሉ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ዝቅ ብለው እየበረሩ፣ በየድንጋዩ ሥር በየሣሩ ሥር እያነፈነፉ፣ የጠፋባቸውን ነገር የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። እናት እንዲህ ምን ትፈልጋለች?

ደመና ፀሐዩን ሲሸፍነው አንደኛው ሣር ላይ አረፈ። ኦንድሬይ ተንበርክኮ ክንፎቹን በሁለት ጣቱ ያዘና ገልብጦ አየው። ሆዱ ቀጭን ነው፣ ጠጉራም ነው። ወንድ። ለቀቀው። ሌላውንም ጠብቆ ያዘው። ወንድ።

እዚያው ተንበርክኮ ቀረ። ወንዶቹ ቀድመው እንደሚወጡ ያውቃል፤ ሰብሳቢ ሁሉ ያውቀዋል። ቀድመው ይወጡና ሴቶቹ ከመሬት እስኪወጡ ድረስ በገደሉ ላይ ሲመላለሱ በእሾህና በነፋስ ክንፋቸው ያልቃል። ሴቶቹ ሲወጡ አዲስ ናቸው። ንጹሕ ናቸው። ሆዳቸው በእንቁላል ከብዶ መብረር አቅቷቸው ድንጋይ ላይ ቁጭ ይላሉ፤ እሱም ልክ በዚያች ሰዓት መረቡን ይዞ ይደርሳል። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ያውቀው ነበር። አንዱን ከሌላው ጎን አስቀምጦ አላየውም እንጂ። በየበጋው እናቶቹን ሰብስቦ ሲሄድ ኖሯል፤ ለእግዚአብሔር ተውኩ ያለው ቃርሚያ ደግሞ ዘር የሌለው ገለባ ነበር።

ወደ ቤቱ አልተመለሰም። በቀጥታ ወደ ከተማው ወረደ።

መድኃኒት ቀማሚው ኮርኔል ቬግ የቆየ ባልንጀራው ነው። ሚስቱ የሞተችበት፣ ሆዱ የወጣ፣ ሳቁ ከበሩ ቀድሞ የሚቀበል ሰው፤ እሱም እንደ ኦንድሬይ ሰብሳቢ ነው፣ ግን በልውውጥ ሲበዛ ብልጥ ነው ይሉታል። ኦንድሬይ ሲገባ መውቀጫው ውስጥ የሆነ ነገር እየፈጨ ነበር።

«መምህሬ! መረብህስ? ሰረቁህ?»

«ኮርኔል፣ ሴት የለችም።»

«ምን? ዙዛና ጥላህ ሄደች? እኔ እኮ ይህን ያህል መታገሷ ነው የገረመኝ!»

«ገደሉ ላይ ነው የምልህ።»

ኮርኔል መውቀጫውን አስቀመጠ። ኦንድሬይ ያየውን ነገረው፤ ብጥስጣሾቹን፣ የያዛቸውን፣ ያሰበውን ሁሉ። ሲናገር ድምፁ ለተማሪ ሒሳብ እንደሚያስረዳ ሰው ረጋ ያለ ነበር፤ እጆቹ ግን ባርኔጣውን እየጠመዘዙ ጠርዙን አጣመሙት።

«እሺ» አለ ኮርኔል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አሁን ምን ላድርግልህ? ኃጢአት የሚናዘዙበት ቤት ወዲያ ካቶሊኮቹ ጋ ነው።»

«ቀልድ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው የምቀልደው።» ኮርኔል ወደ መስኮቱ ዞረ። «ስማ። አልነገርኩህም እንጂ በሚያዝያ እኔም ወጥቼ ነበር።»

«ወዴት?»

«ወዴት ይሆናል? አንተ ልጆቹን ስታስተምር። አባ ጨጓሬዎቹን ለቀምኩ። አትየኝ እንዲህ! አንተ ሳትወስዳቸው ልቅደም ብዬ ነው። ቤት ውስጥ ላሳድጋቸው ሞከርኩ፤ ቅጠሉን ሻጋታ መታውና ብዙዎቹ አለቁብኝ።»

«ብዙዎቹ?»

«አንዷ ቀርታለች። ራሷን ሸፍና ሙሽሬ ሆናለች። ምድር ቤት በረዶው አጠገብ አስቀምጫታለሁ፣ ቶሎ እንዳትወጣ። ከድሬስደን አንድ ትልቅ ሰው በነሐሴ ሊጎበኘኝ ይመጣል፤ በሕይወት ከሽፋኗ ስትወጣ ማየት ይፈልጋል። ሴት ናት። ክብደቷ ይናገራል።»

ኦንድሬይ ብድግ አለ። «ስጠኝ።»

«ለድሬስደኑ ሰው ቃል ገብቻለሁ እኮ።»

«ወንዶቹ አሁን ናቸው ያሉት። ነሐሴ ድረስ አይቆዩም። ዛሬ ከበረዶው ካልወጣች ማን ያገኛታል? የብራዚሏን ሰማያዊ ውሰድ።»

«ኦንድሬይ…»

«የጃቫውን ጥንዚዛ።»

«ተረጋጋ እስቲ፣ ውሃ ልስጥህ።»

«ቁም ሳጥኑን ውሰድ።»

«የቱን መሳቢያ ማለትህ ነው?»

«ቁም ሳጥኑን አልኩህ እኮ! ከነመሳቢያው፣ ከነመስተዋቱ፣ ያለውን ሁሉ።»

ኮርኔል ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። «በአንዲት ሙሽሬ? ሰው ቢሰማ አንተን እብድ፣ እኔን ቀማኛ ይለናል።»

«ይበል።»

«ዙዛናስ?»

ኦንድሬይ እጁን ዘረጋ። ኮርኔል ወደ ምድር ቤት ወርዶ እርጥብ ሣር የተነጠፈባት ትንሽ ሳጥን ይዞ ወጣ። ሲያቀብለው ዓይኑን አላየውም። በማግስቱ ጋሪ ልኮ ቁም ሳጥኑን አስወሰደ። ከወሰደው በኋላ ግን አንድም መሳቢያ እንዳልከፈተ፣ ሸራ አልብሶ መጋዘን እንደጨመረው ሠራተኛው ለዙዛና ነገራት።

ዙዛና ቁም ሳጥኑ የቆመበትን ግድግዳ አየች። ኖራው እዚያ ላይ ብቻ አልጠቆረም። ቀጥሎ ሳጥኗን ከፍታ አየች።

«ይሄ ምንድን ነው? የፕሪም ፍሬ?»

«ሴቷ ናት። በሕይወት አለች።»

«ይህን ሁሉ ዓመት የሞተ ነገር አቧራ የጠረግኩት ለዚህች የፕሪም ፍሬ ነው?»

«አዎ።»

ጮሃ ልትቆጣው ነበር። ግን እሱ ሳጥኗን ከመስኮቱ አጠገብ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታበት ቦታ ሲያስቀምጥ፣ ሲያነሣ፣ እንደገና ሲያስቀምጥ አይታው ሌላ ነገር አለች። «ይሁን። በዚህ ቤት የሚተነፍስ ነገር ማምጣትህ አንድ ነገር ነው። ምን ትበላለች?»

«ምንም። ዝም ብላ ነው የምትጠብቀው።»

«እንግዲያው እንደ እኔ ናት» አለች ዙዛና፤ ድንቹን ልትልጥ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በሁለት ነገር መካከል ተወጠረ። ማለዳ ኦንድሬይ ገደሉ ላይ ነው፤ ወንዶቹ አሁንም ይመላለሳሉ ወይ? ከቀትር በኋላ ቤት ነው፤ ሙሽሬዋ ተንቀሳቅሳለች ወይ? ትሙቅ ብሎ ወደ ምድጃው ያስጠጋታል፤ ትደርቃለች ብሎ ይደነግጥና ያርቃታል። ሣሩ ላይ በጣቱ ውሃ ያርከፈክፍላታል። በረዶው ግን ሥራውን ሠርቶ ነበር። ሙሽሬዋ እንደ ድንጋይ ዝም አለች።

በሰኔ መጨረሻ ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። መንደርተኛው ለገብሱ ሲያዝን ኦንድሬይ ገና ካፊያው ሳያባራ ወደ ገደሉ ሮጠ። ከሁለቱ አንዱን ከጭቃው ውስጥ አገኘው፤ ያውም ክንፉን ብቻ። ሌላውን ለማየት እስኪመሽ ቆየ። በማግስቱ ፀሐይ ሲወጣ ያ የቀረው ብቻውን ሲመላለስ አየው። ክንፉ ያለቀ ጨርቅ ሆኗል፤ መብረሩ መብረር አይባልም፣ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ መውደቅ ነበር። ግን ይፈልጋል።

ኦንድሬይ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጸልይ ሰው ነው። ስለ ቢራቢሮ ግን ጸልዮ አያውቅም፤ ለታመመ፣ ለተራበ፣ ለሞተ ሰው በሚቀርብበት ዙፋን ፊት ይህን ይዞ መቅረብ አፈረ። በዚያን ቀን ግን ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ያለው ቃል ትንሽ ነበር። «ጌታዬ፣ አቆየው። እሷን እስካመጣለት ብቻ አቆየው።»

አንድ ማለዳ ወጥቶ አላየውም። ነፋስ ነው አለ። በማግስቱ ወጣ፤ ነፋስ አልነበረም። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ የኮሸሽላው ሐምራዊ አበባ ገደሉን ሞልቶ፣ ንብና ዝንብ ሲንጫጫበት ዋለ። እሱ ግን አልመጣም። ኦንድሬይ ለዙዛና «ዛሬ አላየሁትም» አላት፤ በማግስቱም «ዛሬ አላየሁትም»፤ ከዚያ በኋላ እሷም አልጠየቀችም፣ እሱም አልተናገረም፣ ግን በየማለዳው መውጣቱን አላቋረጠም።

ሣሩ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በጋሪ ከገባ በኋላ፣ በሐምሌ መጨረሻ እሑድ ቀን ነው። ኦንድሬይ ኦርጋን ላይ ነበር። ሕዝቡ ሁለተኛውን መዝሙር ጀምሮ ሳለ ዙዛና በወጥ ቤት ሽርጧ እንደታጠቀች ደረጃውን ወጥታ ከጀርባው ቆመች።

«ወጣች» አለችው በጆሮው።

ጣቶቹ አልቆሙም። ግን መዝሙሩ ፈጠነ። ከታች ያሉት ሽማግሌዎች ግራ ተጋብተው ቀና አሉ፤ ሴቶቹ ቃሉን እየዋጡ ተከተሉት፤ የመጨረሻውን ስንኝ እንደ ቁልቁለት ጋሪ ነዱት።

«ምን ሆኗል ዛሬ መምህሩ?» አለ አንዱ ከአግዳሚው ላይ።

«ምሳው እየቀዘቀዘበት ይሆናል» አለ ሌላው።

ቤት ሲደርስ ቢራቢሮዋን በሳጥኗ ክዳን ላይ ተንጠልጥላ አገኛት። ክንፎቿ ተዘርግተው ደርቀው ነበር። አንዲት ብናኝ አልጎደለባትም። ዐመዱ እስከ ክንፏ ጫፍ ደርሶ፣ ቀዩ ነጥብ እርጥብ የሚመስል። በዕድሜው ሙሉ ከያዛቸው ሁሉ ይህችን የምታክል አላየም። አንድ ጊዜ እጁ በልማድ ከክንፏ ሥር ገባ፣ ሰብሳቢ ደረቷን ጨምቆ የሚገድልበት ቦታ ላይ። ከዚያ እንደተቃጠለ ሰው እጁን ነጠቀ።

ዙዛና አይታዋለች። ነጠላ ሻሽዋን ከሳጥኗ ላይ ጣል አድርጋ «እኔም እወጣለሁ» አለችው።

ሁለቱ አብረው ወጡ። ዙዛና ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ገደሉን የምታየው፤ ማለት ሁልጊዜ ከታች ታየዋለች፣ እዚያ ግን ቆማ አታውቅም። «ውብ ነው» አለች እያለከለከች፤ «ለዚህ ነበር እንዴ ሾርባው የሚቀዘቅዘው?» ቢራቢሮዋን ሰፊ ኮሸሽላ ላይ አሳረፏት። የአበባውን ማር ጠጣች። ክንፏን ከፍታ ፀሐይ ሞቀች። ሁለቱ ራቅ ብለው ተቀመጡና ጠበቁ። ምናልባት ያላየው አንድ ይኖራል። ምናልባት ከገደሉ ጀርባ፣ ሰው በማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ ዘግይቶ የወጣ። እግዚአብሔር ከፈለገ ከድንጋይም ያስነሣል።

አንድ ነጭ ነገር ከወዲያ በኩል ብልጭ ባለ ቁጥር ኦንድሬይ ይነሣል። ጎመን ላይ የሚያርፈው ተራ ቢራቢሮ ነው። ተመልሶ ይቀመጣል።

«ወንድ ካገኛት በምን ታውቃለህ?» አለችው ዙዛና።

«ምልክት ይተውባታል። ከሆዷ ሥር እንደ ቀንድ የደረቀ ትንሽ ከረጢት። ሌላ ወንድ እንዳይነካት ያተማታል።»

«ቀለበት በለው።»

«አዎ። ቀለበት።»

በማግስቱም ወጡ። በዚያን ቀን ኮርኔል ፊቱ እንደ በሰለ ቲማቲም ቀልቶ፣ በየአሥር እርምጃው እየተቀመጠ ደረሰባቸው። በአንገቱ የሰብሳቢ ሣጥን አንጠልጥሏል፤ ቡሽና መርፌ የሚይዙበትን።

«እሜቴ ዙዛና፣ ይህ ባልዎ ሊገድለኝ ነው። የገዛ መድኃኒቴን ልጠጣ ምን ቀረኝ?»

«አቶ ኮርኔል፣ እርስዎ የሚሞቱት በቋሊማ ነው» አለች ዙዛና። «ይቀመጡ፣ አይብ ይዘናል።»

አይቡን አልነካም። ቢራቢሮዋን ሲያያት አፉን ከፍቶ ቀረ። ለረጅም ጊዜ ካያት በኋላ ከኦንድሬይ ጎን ተቀመጠ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

«አልመጣም፣ አይደል?»

«አልመጣም።»

«አይመጣም፣ መምህሬ።»

ኦንድሬይ ዓይኑን ከቢራቢሮዋ ላይ አላነሣም።

«እኔ ክፉ አልመኝልህም። ግን አስብ። ዛሬ ንጹሕ ናት። ነገ እሾሁ ይቀዳታል፣ ከነገ ወዲያ ወፍ ይበላታል። የመጨረሻዋ ናት። ቢያንስ እንዲህ ነበረች የሚል አንድ ምስክር ይቅር። ለድሬስደኑ አልሰጣትም፤ በእናቴ መቃብር። ክንፏን ወጥሬ ለአንተ ልስካት። ቁም ሳጥኑንም እመልስልሃለሁ፤ ዓይኔ ሊያየው አልቻለም።»

ነገሩ ከልቡ ነበር። ኦንድሬይም ያውቅ ነበር። ለአንድ አፍታ ሳጥኑን፣ ቡሹን፣ ረጅሟን ጥቁር መርፌ አየ። እጁ ሥራውን ያውቃል፤ ቢፈቅድለት ብቻውን ይሠራዋል።

«ድሬስደን አለች» አለ ቀስ ብሎ። «ቪየና አለች። ካዛን አለች። ለማላውቃቸው ሰዎች፣ በማላውቃቸው ከተሞች ልኬአታለሁ። በየሳጥኑ ውስጥ ንጹሕ ሆና ተሰክታ አለች። የሌለችው እዚህ ብቻ ነው። ቢያንስ እዚህ ትሙት።»

ኮርኔል ሳጥኑን ወደ ጀርባው ገፋው።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ቢራቢሮዋ ከኮሸሽላው ወረደች። እየከበዳት፣ በእግሯም በክንፏም እየሄደች፣ አባ ጨጓሬዎቹ የሚበሉት ወፍራም ቅጠል ወደበቀለበት ድንጋይ ተጠጋች። ሆዷን ወደ ስንጥቁ አጎነበሰች። ስትነሣ ድንጋዩ ላይ ነጭ፣ ክብ፣ ከስንዴ ቅንጣት ያነሰች ነገር ቀርታ ነበር።

ዙዛና ብድግ ብላ እጇን አጨበጨበች። «ኦንድሬይ! እየጣለች ነው! እንቁላል ነው፣ አይደለም እንዴ? እዩት እንጂ!»

ሁለቱ ወንዶች አጠገቧ ደርሰው ጎንበስ አሉ። ቢራቢሮዋ ሆዷን ወደ ሌላ ስንጥቅ ስታጎነብስ ሥሩ በግልጽ ታየ። ለስላሳ ነበር። ምንም አልነበረበትም። ኮርኔል ባርኔጣውን አውልቆ ላቡን የሚጠርግ መሰለ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ሸለቆው አዞረ።

«ለምን ዝም አላችሁ?» አለች ዙዛና። «ይህን አልነበር የፈለግከው? በሚያዝያ ይፈለፈላሉ፣ እንደ ድሮው…»

ኦንድሬይ ሊዋሻት አሰበ። ጉሮሮው ድረስ መጥቶለት ነበር። ግን ይህን ሁሉ ዓመት ስለ እናቶቹ እውነት መስሎት ሲነግራት የኖረው ነገር በቂ ነበር።

«ዙዛንካ» አላት በቁልምጫ። «አውራ ዶሮ ያላየችም ዶሮ ትጥላለች።»

እሷ ዶሮ አርቢ ናት። ሁለተኛ ቃል አላስፈለጋትም። ያጨበጨበችበትን እጇን በሽርጧ ጠቀለለችና ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

«እሷስ ታውቃለች?» አለች።

«አታውቅም።»

ኮርኔል ሳይሰናበት ወረደ። የእግሩ ኮቴ ከጠጠሩ ጋር እየተንከባለለ ከጫካው ገባ። ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠው ቀሩ። ኦንድሬይ የሚጸልየው አጣ። ዙዛና እጁን ያዘችው።

ጥላው ከሸለቆው ተነሥቶ ገደሉን እየወጣ ነበር። ቢራቢሮዋ ጥላው ሳይደርስባት ወደ ላይኛው ድንጋይ ተሻገረች፤ ክንፏ በእሾህ ተነካክቶ ጫፉ ተቀዷል። ቦታውን በጥንቃቄ መረጠች፣ ነፋስ የማይደርስበትን፣ ቅጠሉ የቀረበውን። ሆዷን አጎንብሳ አንድ ጣለች። ከዚያ ወደሚቀጥለው ስንጥቅ አለፈች።